ሱፐርኖቫ 1987ኤ በናይሮቢ ሰማይ

ሱፐርኖቫ 1987ኤ የፍኖተ ሐሊብ ጎረቤት በሆነችው ድንክ ጋላክሲ፣ በታላቁ የማጀላን ደመና ውስጥ የፈነዳ ኮከብ ነው። ርቀቱ 168 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ካናዳዊው ኢያን ሼልተንና ቺሊያዊው ኦስካር ዱሃልዴ በቺሊ ላስ ካምፓናስ የምርምር ጣቢያ ያገኙት የካቲት 16 ለ17 ቀን 1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1987) ሌሊት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1604 ወዲህ ያለ መነጽር በጉልህ የታየ ሱፐርኖቫ እሱ ብቻ ነው።

ናይሮቢ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስለምትገኝ ለዚህ ኮከብ የታደለች ነበረች። በዚያ ሰሞን ጀንበር ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ከደቡብ አድማስ 22 ዲግሪ ያህል ከፍ ይል ነበር፤ በአዲስ አበባ ግን ከ12 ዲግሪ አያልፍም። ደምቆ ጣሪያ የነካው በግንቦት ነው፤ ያን ጊዜ በናይሮቢም ምሽት ላይ ዝቅ ብሎ ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ከብርሃኑ የቀደመው ነገር ነው። ሰኞ የካቲት 16 በናይሮቢ ሰዓት አቆጣጠር ከረፋዱ 4:35 ላይ በጃፓን፣ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት የነበሩ መሣሪያዎች ኒውትሪኖ የተባሉ ቅንጣቶችን፣ በድምሩ 25 ያህል ያዙ። ኮከቡ በዚያ ሰዓት ለናይሮቢ ከአድማስ በታች ስለነበር፣ ቅንጣቶቹ የከተማዋን ነዋሪዎች ያገኟቸው ምድርን ሰንጥቀው፣ ከእግራቸው ሥር ነው። ማንም አልተሰማውም። የኮከብ እምብርት ሲደረመስ ኒውትሪኖ ይረጫል የሚለው ንድፈ ሐሳብ በዚያች ቅጽበት ማስረጃ አገኘ።

የፈነዳው ሳንዱሊክ -69 202 የተባለ ሰማያዊ ልዕለ ግዙፍ ኮከብ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚጠበቀው ቀይ ኮከብ ነበርና ሊቃውንቱ ስሌታቸውን መከለስ ግድ ሆነባቸው። በ2016 ዓ.ም. የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በፍርስራሹ መሐል የኒውትሮን ኮከብ መኖሩን የሚጠቁም ምልክት አግኝቷል።