«መነሣት» ስለሚለው ቃል፤ ከአየር ትራፊክ ቁጥጥር ታሪክ

የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ አውሮፕላንን የሚመራው በንግግር ነው። ንግግሩም ብዙውን ጊዜ ለእርሱም ሆነ ለአብራሪው አፍ መፍቻ ባልሆነው በእንግሊዝኛ ይካሄዳል። በመሆኑም የሙያው የቃላት አመራረጥ ለሥነ ልሳን ተመራማሪ ሰፊ የጥናት መስክ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንመለከተው የአንዱን ቃል፣ የ«ቴክ ኦፍ»ን ታሪክ ብቻ ይሆናል።

መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977) በግራን ካናሪያ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ ቦምብ በመፈንዳቱ፣ ወደዚያ ያመሩ የነበሩ አውሮፕላኖች በጎረቤቱ በቴኔሪፍ ደሴት በሎስ ሮዴዎስ እንዲያርፉ ተደረገ። ከእነዚህም መካከል ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች፣ የሆላንዱ ኬ ኤል ኤምና የአሜሪካው ፓን አሜሪካን ይገኙ ነበር። ቦታው በመጨናነቁ ሁለቱም ተከታትለው በዋናው ማኮብኮቢያ ላይ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ጉሙ ከባድ ነበር፤ የምድር ራዳርም ስላልነበረ በማማው ያሉት ተቆጣጣሪዎች አንዱንም ማየት አይችሉም ነበር።

ፊት የሄደው የኬ ኤል ኤም አውሮፕላን በማኮብኮቢያው ጫፍ ዞሮ እንደ ቆመ ተቆጣጣሪው የበረራ መስመሩን ፈቃድ ሰጠው። ይህ ፈቃድ ከተነሣ በኋላ በየት በኩል እንደሚጓዝ የሚገልጽ እንጂ እንዲነሣ የሚፈቅድ አልነበረም፤ ዳሩ ግን «ቴክ ኦፍ» የሚለው ቃል በውስጡ ገብቶ ነበር። ረዳት አብራሪው የተነገረውን ከደገመ በኋላ «ዊ አር ናው አት ቴክ ኦፍ» የሚመስል ቃል ጨመረ። (የድምፁ ቅጂ ጥርት ብሎ ስለማይሰማ በሌላ መንገድ ያነበቡትም አሉ።) ተቆጣጣሪው «ኦኬይ» ብሎ ጥቂት ካቋረጠ በኋላ፣ ለመነሣት እንዲጠባበቅና እንደሚጠራው ነገረው። በዚያው ቅጽበት ፓን አሜሪካን ገና በማኮብኮቢያው ላይ መሆኑን ለማስታወቅ በመናገሩ፣ ድምፆቹ ተጋጭተው በሆላንዱ አውሮፕላን ውስጥ ከ«ኦኬይ» ቀጥሎ ያለው በፉጨት ተዋጠ። 583 ሰዎች ሞቱ። ከኬ ኤል ኤም ማንም አልተረፈም፤ ከፓን አሜሪካን የተረፉት 61 ናቸው።

የስፔን መርማሪዎች ዋናውን ጥፋት ያለ ፈቃድ በተነሣው አብራሪ ላይ አደረጉ። ፍርዱ ተገቢ ቢሆንም የቋንቋውን ጉዳይ አይዘጋውም። «አት ቴክ ኦፍ» ለተቆጣጣሪው ቦታን የሚገልጽ፣ በመነሻው ላይ ቆመናል እንደ ማለት ያለ ነበር፤ ለተናጋሪው ግን ድርጊት ነበር። ለዚህ ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ የአብራሪውን አፍ መፍቻ ቋንቋ ሰዋስው ይጠቅሳል። በሆላንድኛ በመካሄድ ላይ ያለ ድርጊት ቦታን በሚያመለክት መስተዋድድና በንኡስ አንቀጽ ሊገለጽ ይችላልና። ይህም ለእኛ እንግዳ አይደለም። «በመነሣት ላይ ነን» ስንል «ላይ» የቦታ ትርጉሙን ትቶ የድርጊቱን አለማብቃት ያመለክታል። አማርኛ ተናጋሪ በዚያ ወንበር ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ያንኑ እንግሊዝኛ ሊናገር ይችል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ከአደጋው በኋላ «ቴክ ኦፍ» የመነሣት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም የተሰጠው ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር፣ በሌላ ጊዜ «ዲፓርቸር» እንዲተካው ተደነገገ። አንድን የታወቀ ቃል ከሌሎች አገባቦቹ ሁሉ ነጥቆ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ማስቀረት የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ብዙ ጊዜ የሚመኙት፣ ግን እምብዛም የማይሳካላቸው ተግባር ነው።

ችግሩ ለአማርኛ ተርጓሚ እንደገና ይነሣል። መንገደኛም፣ አውቶቡስም፣ አውሮፕላንም «ይነሣል»፤ ሁለቱ የእንግሊዝኛ ቃላት በአንድ የአማርኛ ቃል ሲተረጐሙ የተደነገገው ልዩነት ይጠፋል። በእኛ አስተያየት «መነሣት» ለ«ቴክ ኦፍ» ብቻ ተወስኖ፣ «ዲፓርቸር» «ጕዞ መጀመር» ቢባል ይሻላል። «ማኮብኮብ» የሚለው ቃልም ለመብረር ለመንደርደር ብቻ ቢጠበቅ መልካም ነው። በምድር ላይ ለሚደረግ እንቅስቃሴ ሁሉ ከተጠቀምንበት፣ በቴኔሪፍ ሁለቱም አውሮፕላኖች ያኮበኩቡ ነበር ማለታችን ይሆናል፤ አንደኛው ግን ከማኮብኮቢያው የሚወጣበትን መታጠፊያ እየፈለገ በዝግታ ይሄድ ነበር።