ፍርድ ቤት «ይነሣ» ያለው የተራራ ማማ

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በደን እንጨት ሥራ ካደገችው ከትንሿ የዳሪንግተን ከተማ ባሻገር፣ ግሪን ማውንቴን የሚባል ተራራ አለ። አናቱ ላይ ዙሪያዋን በመስኮት የተከበበች ባለ አንድ ክፍል የእንጨት ቤት ቆማለች፤ የሰደድ እሳት መጠበቂያ ማማ ናት። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከሲያትል በመኪና ሩቅ አይደለም፤ ከመኪናው ከወረዱ በኋላ ግን ለሰዓታት ሽቅብ በእግር መውጣት ይጠይቃል።

የእነዚህ ማማዎች ታሪክ ከአንድ ትልቅ ቃጠሎ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1910፣ በሁለት ቀን ውስጥ፣ በአይዳሆ፣ በሞንታናና በዋሽንግተን 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት ነደደ። ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ እሳት ሊያጠፉ የወጡ ነበሩ። ከተመሠረተ ገና 5 ዓመቱ የነበረው የአሜሪካ የደን አገልግሎት ከዚያ በኋላ እሳትን ገና ጭስ ሳለ ለመያዝ ቆርጦ ተነሣ። በየተራራው አናት ማማ ተሠራ፣ የስልክ ሽቦ ተዘረጋ፣ ጠባቂ ተቀመጠ።

የጠባቂው ዋና መሣሪያ በክፍሉ መካከል የሚቆም ክብ ካርታ ነበር። ኦስቦርን የተባለ የደን ባለሙያ በፈለሰፈው ማነጣጠሪያ ወደ ጭሱ ያነጣጥርና አቅጣጫውን በዲግሪ አንብቦ በስልክ ይናገራል። ከሌላ ተራራ ያለው ባልደረባውም የራሱን ይናገራል። ሁለቱ መስመሮች ካርታው ላይ የሚገናኙበት ነጥብ እሳቱ ያለበት ቦታ ነው። መብረቅ ሲበዛ ደግሞ ጠባቂው እግሮቹ መስታወት የለበሱ በርጩማ ላይ ይወጣል፤ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና። እንዲህ ባለ በርጩማ ላይ፣ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ሲሰነጠቅ፣ ብቻውን ቆሞ ጭስ የሚፈልግ ሰው ድፍረቱ ያስደንቀኛል።

የግሪን ማውንቴንን ማማ እ.ኤ.አ. በ1933 የሠሩት የሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮር ወጣቶች ናቸው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በኢኮኖሚው ውድቀት ዘመን ለሥራ አጥ ወጣቶች ያቋቋሙት ድርጅት ነበር፤ ደመወዙ በወር 30 ዶላር ሲሆን 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰብ ይላክ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠባቂዎቹ ከጭስ ሌላ የጠላት አውሮፕላንም ይጠባበቁ ነበር። ኋላ አውሮፕላንና አዳዲስ መሣሪያዎች ቅኝቱን ተረከቡ። ሥራ የፈቱትን ብዙዎቹን ማማዎች የደን አገልግሎቱ ራሱ አቃጠላቸው። እሳት እንዲጠብቁ የተሠሩ ቤቶች በገዛ ባለቤታቸው እሳት መጥፋታቸው ያሳዝናል።

የግሪን ማውንቴኗ ግን ተረፈች። ተራራው ወደ 2,000 ሜትር ብቻ ከፍ ስለሚል ከአዲስ አበባ ያንሳል፤ በዚያ ሰሜናዊ አገር ግን የክረምቱ በረዶ ከባድ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቤቷ ስለተጎዳች ለጎብኚ ተዘጋች፤ በጎ ፈቃደኞችም ከደን አገልግሎቱ ጋር ሆነው ጥገናዋን ጀመሩ። ችግሩ ከመሠረቱ ነበር። እሱም ተጠግኖ ሳለ በረዶው መልሶ ጎዳው፤ በ2002 ቤቷ ተፈታትታ ወረደች። በ2009 ታድሳ በሄሊኮፕተር ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ክርክሩን ያስነሣው ይኸው ሄሊኮፕተር ነው። ተራራው የሚገኘው በጥብቅ የተፈጥሮ ክልል ውስጥ ነው፤ የ1964ቱ ሕግ ደግሞ በእንዲህ ዓይነቱ ክልል ሞተርንም አዲስ ግንባታንም በእጅጉ ይገድባል። ዊልደርነስ ዎች የተባለው የሞንታና ድርጅት ክስ መሠረተ፤ በ2012 ዳኛ ጆን ኩገናወር የደን አገልግሎቱ ሕግ መጣሱን ወስነው ማማዋ እንድትነሣ አዘዙ። የከሳሾቹ ስጋት ከንቱ አልነበረም፤ ዛሬ ለቅርስ የተፈቀደ ሄሊኮፕተር ነገ ለሌላ ጉዳይ ሊጠየቅ ይችላል። ሆኖም ወደ ሜዳ የወረደች ማማ ምን ታያለች? የዚህች ቤት ታሪክ ከእንጨቷ ይልቅ ከቆመችበት አናት ላይ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ የደከሙትም እዚያው እንድትቆም ነበር ብዬ አምናለሁ።

መፍትሔው የመጣው በሐዘን ወቅት ነው። ማርች 22 ቀን 2014 በዳሪንግተን መንገድ ላይ፣ ኦሶ በተባለው መንደር፣ ተራራ ተንዶ 43 ሰዎችን ገደለ። ሴናተሮቹ ፓቲ መሪና ማሪያ ካንትዌል ከምክር ቤት አባላቱ ከሱዛን ዴልቤኒና ከሪክ ላርሰን ጋር ማማዋን በቦታዋ ለማቆየት ሲገፉት የቆየው የሕግ ረቂቅ ከዚያ በኋላ በኮንግረሱ አለፈ፤ ፕሬዚዳንት ኦባማም ኤፕሪል 15 ቀን ፈረሙበት። ላዘነ አካባቢ ማማ ካሳ አይሆንም፤ ቢያንስ ሌላ ነገር አልተወሰደበትም።

ሕጉ አጭር ነው፦ ማማዋ ትጠበቅ፣ ትጠገን፤ ለራሷ ወይም ለሰው ደኅንነት ካልሆነ በቀር ከቦታዋ አትነሣ። በዚያው አውራጃ በፒልቸክና በስሪ ፊንገርስ ተራሮች ላይ ያሉትን ማማዎችም የኤቨረት ከተማ ተራራ ወጪዎች ቀለምና መዶሻ ተሸክመው እየወጡ ይጠግኗቸዋል።