ቦሩ ሜዳ፣ ሥጋ ደዌ እና «ዘሩ ነው» የሚባለው ወሬ



ቦሩ ሜዳ ሲባል የወሎ ሙስሊም ቀድሞ የሚያስታውሰው 1870 ዓ.ም.ን ነው፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሃይማኖታችንን እንድንቀይር ያዘዙበትን ጉባኤ። ዛሬ የምናወሳው የዚያው መንደር ሌላ ታሪክ ነው። ቧንቧ ውሃ ያደግን ሰዎች የቦሩ ሜዳን ሆስፒታል የምናውቀው ለረጅም ዘመን በሰጠው የሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። በሽታውን ግን መጀመሪያ የሰማነው በስድብ ነበር። «ዘራቸው ነው» እየተባለ ስንት ኒካሕ ቀርቷል!

ዘር አይደለም። ኖርዌጂያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ተሐዋሲውን አገኘው። ይህ ተሐዋሲ ብልጥ ነው፤ ሴል ውስጥ ገብቶ ስለሚደበቅ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት ፀረ እንግዳ አካላት አያገኙትም። እሱን የሚደርሱበት ቲ-ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። መቅኔ ውስጥ ተፈጥረው፣ ከደረት አጥንት ጀርባ ባለው ቲመስ በተባለ እጢ ይበስላሉ። ከዚያም ተሐዋሲው የተደበቀበትን ሴል «ግደለው» ብለው ያዙታል። ሱብሐነላህ!

ይህ ነገር በሰፊው ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዱ አገራችን ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ፣ አለርት ግቢ ውስጥ በሐንሰን ስም የምርምር ተቋም ተከፈተ። ተመራማሪዎቹ የሰው ነጭ የደም ሴሎችን ከተሐዋሲው ጋር አገናኝተው ይከታተሉ ነበር፤ ቀድሞ የሚያውቀው ቲ-ሴል ይነቃና ይባዛል። ሰውነታቸው በእባጭ የተሞላ ሕሙማን ቲ-ሴሎች ዝም አሉ። ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ያላቸው ሰዎች ቲ-ሴሎች ግን በኃይል ተነሡ። (ይህም ዋጋ አለው፤ በውጊያው ነርቭ ይጎዳል፤ እጅ ይደነዝዛል፤ ምድጃ ሲያቃጥለውም ባለቤቱ አያውቅም።)

እ.ኤ.አ. በ1973 ቶሬ ጎዳልና ነጋሲ ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ከሕሙማን ጋር ከዓመት በላይ ከሠሩ ጤነኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቲ-ሴላቸው ተሐዋሲውን ያውቀዋል። ማለትም ተሐዋሲው ገብቶባቸው ነበር፤ ሰውነታቸው አሸንፎት፣ እነሱም ሳያውቁ አልፏል። አብዛኛው ሰው እንዲህ ነው። ታዲያ ከታማሚ ጋር አንድ ማዕድ የቆረሰችውን እህት «ዘሯ ነው» ብሎ መሸሽ ምን ይባላል?

ኸሊፋ አል-ወሊድ ኢብን ዐብዱልመሊክ ለእነዚህ ሕሙማን ድጎማ ቆርጦ ከልመና እንዳወጣቸው ጠበሪ ጽፏል። ይህ የሆነው ከ1,300 ዓመት በፊት ደማስቆ ላይ፣ መድኃኒት በሌለበት ዘመን ነው።

አሁን መድኃኒቱ አለ፤ በነፃም ይሰጣል። እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፤ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ በሽታው ወደ ሌላ መተላለፉ ይቆማል። ቆዳ ላይ የማያሳክክ፣ ሲነኩት የማይሰማ የነጣ ወይም የቀላ ምልክት ያየ ሰው ጊዜ ሳይሰጥ ጤና ጣቢያ ይሂድ።