የመሪ ፍሪሲዮን

የመሪ ፍሪሲዮን በአሮጌ ባለ ሰንሰለት ዶዘሮች ከማርሽ ሳጥኑ በስተኋላ፣ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሆኖ የሚቀመጥ፣ በሞላ የተጨመቀ የዲስክ ድርድር ነው። ኦፕሬተሩ አንዱን ሊቨር ሲስብ የዚያ ጎን ሰንሰለት ኃይል ያጣል፤ ፍሬኑን ሲጨምርበት ማሽኑ አጥሮ ይዞራል።

አውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በኢትዮጵያ ተራሮች መንገድ ሲቀደድ ዶዘር ዋና መሣሪያ ሆኗል። የላስታ ደጋ ደግሞ መሪን ክፉኛ የሚፈትን አገር ነው፤ ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ማሽኑን ሲገፋው፣ ፍሬን ሳይያዝ የተለቀቀው ጎን ፈጥኖ ይንከባለልና ዶዘሩ ወደ ተቃራኒው ይታጠፋል። ይህን የማያውቅ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ሊቨር መጨበጥ የለበትም።

ፍሪሲዮኑን ማስተካከል የሚጀመረው ከሊቨሩ ባዶ ጉዞ፣ ማለትም ሊቨሩ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ከመጀመሩ በፊት ከሚሄደው ርቀት ነው። የዲስኮቹ ሸራ እያለቀ ሲሄድ ባዶ ጉዞው ይጠባል፤ ጨርሶ ሲጠፋ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል። ከልክ በላይ ሲሰፋ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። መካኒኩ የማስተካከያውን ዳዶ እያዞረ በማኑዋሉ ልክ ይመልሰዋል።

በደረቁ የሚሠራ ፍሪሲዮን ዘይት ከነካውም ይንሸራተታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ዘይት የሚያፈሰው የማሸጊያ ጎማ ይለወጣል። ክረምቱን ደጅ የቆመ ማሽን ላይ ዲስኮቹ ዝገው ይጣበቃሉ።

ሸራው ካለቀ ወይም ሞላው ከደከመ ግን ዳዶ ማዞር አያድነውም፤ ተፈትቶ መለወጥ አለበት።