ብርሃን ሲያንስ

በሌሊት የተነሣ ፎቶ ሰፋ አድርገው ሲያዩት ጨለማው ክፍል ጥቁር ብቻ ሆኖ አይገኝም። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥቦች ይርመሰመሱበታል። በትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ይዘው የቆሙ ምእመናንን ያነሣ ሰው ያውቀዋል፤ ብርሃን ያገኘው ጉንጭ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ወደ ጥላው የዞረው ነጠላ ግን አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ኖይዝ የሚሉት ይኸው ነው። ብዙዎቻችን በካሜራው እናሳብባለን፤ ትልቁ ድርሻ ግን የብርሃኑ የራሱ ነው።

ይህን ለመረዳት ወደ 20ኛው መቶ ዘመን መባቻ መመለስ ይበጃል። አልበርት አይንስታይን በ1905 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ብርሃን በቁጥር የሚደርስ ቅንጣት እንደሆነ አመለከተ። ጀርመናዊው ዋልተር ሾትኪ ደግሞ በ1918 የኤሌክትሪክ ፍሰት ከነጠላ ቅንጣቶች የተሠራ በመሆኑ ብቻ መዋዠቁ እንደማይቀር አሳየ። ፎቶን ለሚባለው የብርሃን ቅንጣትም ሕጉ ያው ነው። በአማካይ 100 ፎቶን በሚያርፍበት ነጥብ ላይ ቆጠራው በ10 ያህል ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይህም 10 በመቶ ነው። 10,000 ቢያርፍ መዋዠቁ 100 ያህል፣ ማለትም 1 በመቶ ብቻ ይሆናል። እንከን የሌለው ካሜራ ቢሠራ እንኳ ከዚህ አያመልጥም። አይኤስኦ የሚባለውን የካሜራ ልክ መጨመርም የተሰበሰበውን ምልክት ያጎላል እንጂ አንዲት ፎቶን አያመጣም።

በፊልም ዘመን መፍትሔው የብር ቅንጣቱ ጎላ ያለ ፈጣን ፊልም ነበር። ከ1954 ጀምሮ ኮዳክ ለ35 ሚሊሜትር ካሜራ ያቀረበው ትራይ-ኤክስ ጋዜጠኞችን ከፍላሽ ጥገኝነት ብዙ አላቀቀ፤ የጎላ ቅንጣቱንም ሰው ለምዶ ወደደው።

በ1969 ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በቤል ላቦራቶሪ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠውን ሲሲዲ ሲፈጥሩ ሌላ ጣጣ መጣ። የእያንዳንዱ ነጥብ የኤሌክትሪክ ሙል ከመነበቡ በፊት ማንበቢያው ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ዜሮው ግን በየጊዜው ይለያያል። በ1974 በዌስቲንግሃውስ የማርቪን ዋይት ቡድን ያሳተመው መላ እጅግ ያስደንቀኛል። መጀመሪያ ባዶውን ይለካሉ፣ ከዚያ ሙሉ ሲገባ ደግመው ይለካሉ፣ የፊቱን ከኋላው ይቀንሳሉ። የሁለቱ ልኬቶች የጋራ ስሕተት አብሮ ይጠፋል። ይህ ስልት በዛሬዎቹ ሴንሰሮችም ውስጥ አለ። በ1980 የጃፓኑ ኖቡካዙ ተራኒሺ የፈጠረው አዲስ ዓይነት ፎቶዳዮድና በ1990ዎቹ ኤሪክ ፎሰም በናሳ ያራመደው የሲሞስ ሴንሰር ተከተሉ። የሴንሰሩ የራሱ ኖይዝ በመቀነሱ በ2007 የወጣው ኒኮን ዲ3 አይኤስኦው እስከ 25,600 ተዘረጋ፤ በ2014 የወጣው ሶኒ ኤ7ኤስ ደግሞ እስከ 409,600።

ሌላው መንገድ ብርሃንን በጊዜ ማጠራቀም ነው። ሐብል ቴሌስኮፕ በታኅሣሥ 1995 ባዶ የሚመስል የሰማይ ቁራጭ ላይ 10 ቀን አተኩሮ 342 ምስሎች አነሣ፤ ሲደመሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች ታዩ። የአንድ ቦታ 16 ፎቶዎች ቢደመሩና አማካያቸው ቢወሰድ ኖይዙ ወደ ሩብ ይወርዳል። ጉግል በ2018 በፒክስል ስልኮቹ ያስገባው የሌሊት ፎቶ ስልት መሠረቱ ይኸው ነው፤ ብዙ አጫጭር ምስሎች ያነሣል፣ የእጅ መንቀጥቀጡን አስተካክሎ ያዋሕዳቸዋል።

አንድ ፎቶ ብቻ ላለው ሰው ሒሳብ ደረሰለት። በ2005 አንቶኒ ቡአዴስና ባልደረቦቹ አንድን ቁራጭ በዚያው ፎቶ ውስጥ ከሚመስሉት ቁራጮች ጋር ማማከልን አቀረቡ፤ የነጠላው ጥለት በየቦታው ስለሚደጋገም አንዱ ሌላውን ያጠራዋል። አሁን በብዙ ፎቶ የሠለጠኑ ሰው ሠራሽ የነርቭ መረቦች ቦታውን ይዘዋል። እኔ የምሰጋው እዚህ ላይ ነው። ሴንሰሩ ያልመዘገበውን ሽፋሽፍት ወይም የታርጋ ቁጥር መረቡ ከተማረው ገምቶ ሊሥለው ይችላል። ለሠርግ አልበም ችግር የለውም፤ ለዜናና ለፍርድ ቤት ማስረጃ ግን አልቀበለውም።

ስለዚህ የምመክረው ሸተሩን ማዘግየት፣ አፐርቸሩን መክፈት፣ ትራይፖድ መያዝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሴንሰሩ የመዘገበውን ሳይቀነባበር የያዘውን ራው ፋይል አለመደምሰስ ነው። ከዓመታት በፊት የተነሣ ራው ፋይል ዛሬ በአዲስ ፕሮግራም ሲከፈት ያን ጊዜ ከወጣው ይልቅ ጠርቶ ይወጣል።