ከሰማይ የወረደው ሁሉ አይነገርም

ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም. ተከዜ ዳር የነበረው የራስ እምሩ ጦር የጣሊያን አውሮፕላኖች ሲመጡ አየ። ሠራዊቱ ቦምብን ለምዶታል፤ ድምፁን ሲሰማ ይበተናል፣ ሲርቅለት ይሰበሰባል። የዚያን ዕለት የወረደው ግን አልፈነዳም። በርሜል መሰል ዕቃ መሬት ሲነካ እየተሰበረ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ረጨ። ፈሳሹ ያገኘው ሰው እጁ፣ እግሩና ፊቱ ውኃ እየቋጠረ ተላጠ፤ ጥሙን ሊቆርጥ ወንዝ የወረደውንም ውኃው ተመርዞ ጠበቀው። ራስ እምሩ በኋላ እንደመሰከሩት፣ የጦር አለቆቻቸው ምን እናድርግ ብለው ሲጠይቋቸው የሚመልሱት አጡ።

ተከዜን ይዞ ሽቅብ የወጣ ሰው ዋግ ኽምራ ይደርሳል። በቀጣዮቹ ወራት መርዙም ወደ ዋግ ደጃፍ ተጠጋ። ከሰቆጣ በስተምሥራቅ ባለችው በኮረም፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከማይጨው ውጊያ በፊት በሰፈሩባት ከተማ፣ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ የነበረው ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም ማርሴል ዡኖ በጋዝ የተቃጠሉ ሰዎችን በዓይኑ አየ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው፣ 9፣ 15፣ 18 እየሆኑ የሚከታተሉ አውሮፕላኖች መርዙን እንደ ጉም እንዴት እንደሚዘረጉት ዘርዝረው ተናገሩ።

ሮም ካደች። እንደ አንጀሎ ዴል ቦካ ያሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ሰነድ እያወጡ ለዓመታት ከሞገቱ በኋላ፣ የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ መጣሉን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። ክህደቱ 60 ዓመት ቆየ ማለት ነው።

የፋሺስቱ መንግሥት ግን ወሬ የሚፈራ መንግሥት አልነበረም። ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ቲቶ ሚኒቲ የተባለ ጣሊያናዊ አብራሪ ኦጋዴን ውስጥ ደገሃቡር አካባቢ ተይዞ ሲገደል፣ ወሬው የኢትዮጵያውያን አረመኔነት ማስረጃ ተደርጎ በየአገሩ ተነዛ። በኋላም ለጋዙ ሰበብ ሆኖ ቀረበ። ቀኑን ያስተያየ ሰው ግን ተከዜ ላይ መርዙ የወረደው ሚኒቲ ከመሞቱ 3 ቀን ቀድሞ መሆኑን ያያል። በመስከረም 1930 ዓ.ም. ደግሞ በዋግና በላስታ ያመፀው የዋጉ አርበኛ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ሲገደል፣ ራሱ ተቆርጦ ሕዝብ እንዲያየው ተደረገ። የሚያስፈራው በአደባባይ ታየ፤ የሚያስጠይቀው ተደበቀ።

መንግሥታት ስለ ዩፎ፣ ማለትም ማንነታቸው ስላልታወቀ በራሪ አካላት፣ የሚያወጡትን መግለጫ የሚጠራጠሩ ሰዎችም የሚነሡት ከዚሁ ልማድ ነው። አንድ መንግሥት ሰማይ ላይ ስላለው ነገር ድንገት ክፍት ሲሆን ምን ፈልጎ ነው? መልሳቸው በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው፣ የራስን ምሥጢር መሸፈኛ ነው የሚል ነው። በሐምሌ 1947 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሮዝዌል የነበረው የጦር ሰፈር “በራሪ ዲስክ ያዝን” ብሎ ለጋዜጦች መግለጫ ሰጠ፤ ወዲያው ደግሞ የአየር ጠባይ መመርመሪያ ፊኛ ነው ተባለ። የአሜሪካ አየር ኃይል ስብርባሪው የሶቪየትን የኑክሌር ሙከራ ለማዳመጥ በተሠራ “ሞገል” በተባለ ምሥጢራዊ ፕሮጀክት የተለቀቀ ፊኛ መሆኑን የገለጸው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ሶቪየቶችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። መስከረም 20 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ፔትሮዛቮድስክ ከተማ ላይ የታየው አስገራሚ ብርሃን፣ በወቅቱ በይፋ ካልታመነበት የፕሌሴትስክ ማምጠቂያ ከተተኮሰ ሮኬት የመጣ ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣ የዎል ስትሪት ጆርናል ዘገባ ደግሞ፣ በ1980ዎቹ አንድ የአሜሪካ አየር ኃይል ኮሎኔል ኔቫዳ ውስጥ ከሚገኘው ምሥጢራዊ የሙከራ ጣቢያ አቅራቢያ ላለ ቡና ቤት ባለቤት የተቀነባበሩ የበራሪ ሳህን ፎቶዎች መስጠቱን አጋልጧል።

ይህ መላምት ጠንካራ ነው፤ ቢሆንም ኑዛዜም መመርመር አለበት። በ1997 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ባወጣው ጥናት፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ ከቀረቡት የዩፎ ጥቆማዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዩ-2ን የመሰሉ የራሱ የስለላ አውሮፕላኖች እንደነበሩ ጻፈ። የአየር ኃይሉ “ብሉ ቡክ” የተባለው ፕሮጀክት እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ከመዘገባቸው 12,618 ጥቆማዎች ግን ከፍተኛው ቁጥር የደረሰው በ1952 ነው፤ ዩ-2 ገና ከመብረሩ 3 ዓመት በፊት። “እኛ ነበርን” ማለትም ለአንድ የስለላ ድርጅት ዝና የሚጨምር ወሬ ነው።

ሁለተኛው መላምት ገንዘብ ይከተላል። በ2017 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ታይምስ ይፋ እንዳደረገው፣ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር፣ የፔንታጎን፣ ምሥጢራዊ የዩፎ ፕሮግራም 22 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦለት ነበር። ያልታወቀ ነገር ስጋት ተብሎ ሲጠራ በጀት ይወለድለታል።

ሦስተኛው፣ የሕዝብን ዓይን ከሌላ ጉዳይ ማስቀየሻ ነው የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ማስረጃው ግን ቀጭን ነው። በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. 144 ጉዳዮችን መርምሮ አንዱን ብቻ፣ እሱንም ፊኛ ነው ብሎ የፈታው ሪፖርት የወጣው የአሜሪካ ምክር ቤት በሕግ ስላዘዘ ነው። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የፔንታጎን ሪፖርትም ከሌላ ዓለም ስለመጣ ቴክኖሎጂ ምንም ማስረጃ አለማግኘቱን ገልጿል። ትኩረት ሊያስቀይር የፈለገ ሰው እንዲህ ያለ አሰልቺ መልስ አይጽፍም። ተጠራጣሪው መንግሥትን እንደ አንድ ሰው፣ አንድ ልብና አንድ ዕቅድ እንዳለው አድርጎ ሲያስብ ይሳሳታል። ምክር ቤቱ፣ ጦሩና የስለላ ድርጅቱ የየራሳቸው ጥቅም አላቸው፤ የሚወጣው መግለጫም የነሱ ጉተታ ውጤት ነው።

የእኛም አገር ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። ዋግ የወሎ ጠቅላይ ግዛት አካል በነበረበት ዘመን፣ ወሎን የፈጀውን ረሃብ የንጉሡ መንግሥት ደበቀው፤ ዓለም ያየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ በጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነው። ደርግ ንጉሡን ከማውረዱ በፊት በነበረው ምሽት ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አጣምሮ በቴሌቪዥን አሳየ። የታየው እውነት ነበር፤ የታየበት ሰዓት ግን በጥንቃቄ የተመረጠ ነው። 10 ዓመት አልፎ ረሃቡ ሲመለስ፣ ያው ደርግ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድምቀት ሲያከብር ወሎና ትግራይ በረሃብ እያለቁ ነበር። የኮረም መጠለያ በቢቢሲ የታየው ጥቅምት 13 ቀን ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏል እንዲህ ያለውን ነው።

ሰማይ ላይ ለታየ ነገር ቀላል መልስ የሚሰጥበት ጊዜም አለ። በጥር 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ነዋሪዎች በሌሊት ሰማይ እየነደደ የሚያልፍ ብርሃን ሲያዩ፣ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የሕዋ ስብርባሪ ወይም ተወርዋሪ ድንጋይ ሊሆን እንደሚችል አስረዳ። ለዚህ ግልጽነት ማንም የሚከፍለው ዋጋ አልነበረም።

ለዚህም ነው መንግሥታት ስለ ዩፎ ማውራት የሚቀናቸው። ባለቤት የሌለው ብርሃን ማንንም ፍርድ ቤት አያቆምም፣ ካሳ አያስጠይቅም፣ ሚኒስትር አያስወርድም። በትእዛዝ የተጣለ በርሜል ግን አዛዥ፣ ቴሌግራምና አብራሪ አለው፤ ስለዚህ 60 ዓመት ይፈጃል። እንግዲህ አንድ መከላከያ ሚኒስቴር በሰማይ ላይ ያየውን ቪዲዮ ሲለቅ፣ ጋዜጠኛ ሊያነሣው የሚገባው ጥያቄ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሚኒስቴር የትኛው ፋይል እንደተቆለፈ ነው።