ሕገ መንግሥታዊ ሕዝበ ውሳኔ (ጣሊያን)

የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በሕዝብ ድምፅ የሚጸናበት ወይም የሚወድቅበት ሥርዓት ነው። በአንቀጽ 138 መሠረት ሁለቱም ምክር ቤቶች ማሻሻያውን ቢያንስ በ3 ወር ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ ያጸድቁታል። በሁለተኛው ዙር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ 500,000 መራጮች፣ 5 የክልል ምክር ቤቶች ወይም ከአንዱ ምክር ቤት አባላት አንድ አምስተኛው ሕዝበ ውሳኔ መጠየቅ ይችላሉ። ሕግ ለመሻር ከሚደረገው ሕዝበ ውሳኔ በተለየ የመራጩ ቁጥር ማነስ ውጤቱን አያፈርሰውም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የሴኔቱን ሥልጣን የሚቀንስ ማሻሻያ 59 በመቶ ያህል ተቃውሞ ገጥሞት ወደቀ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ማቴዮ ሬንዚም ሥልጣን ለቀቁ። በ2020 በጸደቀው ማሻሻያ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ከ630 ወደ 400፣ የሴኔቱ ተመራጮች ቁጥር ደግሞ ከ315 ወደ 200 ወረደ። በ1946 ሕዝበ ውሳኔ የተመረጠው የሪፐብሊክ ሥርዓት ግን በአንቀጽ 139 መሠረት ሊሻሻል አይችልም።